ዐሥር እርምጃ

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው፣ ጭቃው ሳይጠነክር፣
ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረት ሲጀምር፣
ስድስተኛው ፎቅ ላይ ብር ካለቀበት ሕንፃ ሥር።
እኔ ሲሚንቶ ቆጣሪ፣
ጋሽ ደቻሳ የሌሊት ዘበኛ፤
ኢንጂነሩ ጥሎት የሄደው ቴሌቪዥን ሦስተኛው እንቅልፍ የለሽ ጓደኛ።

አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቻናሉን ሲያዟዙሩ
ኩንታል የተጫነ የሚመስል ትከሻ ያላቸው ጎረምሶች አዩ፣ ሲላተሙ፣ ሲከመሩ።
«ኳስ ነው?» «የአሜሪካ ኳስ።»
«አቮካዶ ነው እንጂ!» አሉ፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፣
ያን ሌሊት ሕንፃውን አንዴም አልዞሩ፣ ወደ በሩም አልወጡ።

የአንደኛው ቡድን የራስ ቁር ላይ ዶማ ተስሏል።
ስሙን ላነብላቸው ሞከርኩ፤ ፊደሉ እንደ ሐረግ ተጠማዟል።
«ተወው» አሉኝ፣ «ባለ ዶማዎቹ የእኔ ናቸው።»
በቃ። ሰው ሽንፈቱን እንዲህ ነው የሚመርጠው።

ሕጉን አላስተማርኳቸውም፤ ከየት አውቄው!
በሦስተኛው ሳምንት እሳቸው ሆኑ አስተማሪው፣
በዱላቸው ጫፍ አሸዋው ላይ ጭረው፦
«አራት ዕድል አለህ። በአራቱ ዐሥር እርምጃ ካልገፋህ
መሬቱን ለባላጋራህ አስረክበህ ትወጣለህ፤ ምን ያስለፋህ።
ኳሷ ለማታለያ ነች፤
ጨዋታው የመሬት ነው።»

ሲያከራክር ደግሞ ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ይዘው ይገባሉ፣
ይወጥሩታል፤ ስልሳ ሺህ ሰዎች ትንፋሽ ይውጣሉ።
ጋሽ ደቻሳ ያኔ አያዩም። ባትሪያቸውን አብርተው
የሌለ ሌባ ሊፈልጉ ወደ አጥሩ ይሄዳሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው።

ጥቅምት ላይ በተከታታይ አምስቴ ተሸነፉ።
ወርዋሪው ጉልበቱ ተሰብሮ በቃሬዛ ወጣ፣
ተተኪው መጣ፣
ኳሷን እንደ ሰው ዕዳ ከእጁ ለማውጣት የሚጣደፍ፣
ለማን እንደደረሰች ለማየት እንኳ የማያርፍ።
አሠልጣኙ መስመሩ ዳር፣ መነጋገሪያ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮኻል፤
ልክ እንደ ኮንትራክተራችን፣ ማንም እንደማያነሳለት ያስታውቃል።

እዚህም ኅዳር ያለ ደሞዝ አለቀ።
ፌሮ ሠሪዎቹ ሁለት ሁለት እያሉ ሄዱ፤
ሚክሰሩ ኮንክሪት ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ደረቀ።
ጋሽ ደቻሳ የሚያወሩኝ ግን ስለዚያ አልነበረም፤
«ልጁ እኮ ሰነፍ አይደለም» ይሉኛል፣ «የሚከልለው ሰው የለም።»

ገና ሲቃረብ የመጨረሻዋ ጨዋታ መጣች፤
ሦስት አሸንፈው፣ ዐሥራ ሦስት ተሸንፈው፣ አንዲት ቀረች።
ለምንም አትጠቅምም፤ ዋንጫው ከተረሳ ቆይቷል።
አራተኛው ዕድል። ሰዓቱ ሊያልቅ ተቃርቧል።
የሰው ክምር አንድ በአንድ ተነሳ፤ ኳሷ ከሆዶች ሥር ወጣች።
ሰንሰለቱ ገባ።
በዚያች ሌሊት ፊታቸውን አላዞሩም።
ተወጠረ።
ስንዝር ጎደለች።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ እንደተተከለ፦
«እኔም ጋ በሜትር ነው የመጡት። ምስሩ አሽቶ ነበር።
ይሄ አንተ ሲ ሰባት የምትለው ምሰሶ
የቆመው የበሬዎቼ ጋጣ ደጃፍ ላይ ነው።
‹ጋጣውን እንኳ ተዉልኝ› አልኳቸው።
ካርታው በስንዝር ያልፈዋል አሉ።
በስንዝር።»

ምን ይባላል? ዝምታው ሲከብደኝ ስልኬን አውጥቼ ነካካሁ፣
ስለዚያ ጨዋታ አንድ ነገር አገኘሁ፦
መጨረሻ የወጣ ቡድን፣ ሚያዝያ ሲደርስ፣
ከአዲሶቹ ጎረምሶች መሀል ቀድሞ ይመርጣል።
«እስቲ ድገመው።» ደገምኩት።
«የተሸነፈው?»
«አዎ።»
«መጀመሪያ?»
«መጀመሪያ።»
ሳቁ። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም፤
እያሳላቸው፣ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን እየጠረጉ
ባትሪውን ሳያበሩ ወጡ።

ከምሰሶው ወደ በሩ ሲራመዱ ሰማኋቸው፣
ጠጠሩ ከቦቲያቸው ሥር፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ሳላስበው አብሬ ስቆጥር።

ዘጠኝ ላይ ቆሙ።